ወይራ ወይራ የሚለው በርሜል

ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ስማር ስለ ንጽሕና ግራ ተጋብቼ አላውቅም። ንጹሕ ማለት ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ማለት ነው። ፈተና ላይ እንደዚያው ጽፌ ነጥቤን አግኝቻለሁ። ግራ መጋባት የጀመርኩት ቡሬ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በበቆሎ ንግድ አሳልፈው በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ጠጅ ሳር ያዞሩ ሰው ናቸው። ገበሬዎች ሳሩን አጭደው ያመጣሉ፤ ሳሩ በእንፋሎት ይፈላና ዘይቱ ይወጣል። ዘይቱ ደግሞ አየሩ በተመጠጠ ሌላ ማሽን ይጣራና ሲትራል የሚባለው ክፍል ለብቻው ይለያል። ሲትራል ሎሚ ሎሚ ይላል። ገዢዎቹ ግን የሚወስዱት ለሎሚ ሽታው ብለው አይደለም፤ እነሱ ጋ ደርሶ ከሌላ ነገር ጋር ከተዋሐደ በኋላ የአበባ ሽታ ያለው የሽቶ ቅመም ይሆናል። ይህን ለአባቴ ሳስረዳው ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "እናንተ ጋ ያለው ገና ሊጥ ነው በይኛ" አለኝ።

የኔ ሥራ ያ ሊጥ እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። ሲትራል አየር ካገኘ ይኮመጥጣል፤ ብርሃንና ሙቀት ያደክሙታል፤ ዝገት ከነካው ቀለሙ ይጠቁራል። ስለዚህ በማይዝግ ብረት በርሜል እስከ አንገቱ ይሞላል፤ ከላይ የምትቀረው ክፍተት ደግሞ አየሯ ወጥቶ ናይትሮጅን ይገባባታል። ይህን ሁሉ ስጀምር በደንብ አውቀው ነበር።

ያላወቅሁት ናይትሮጅኑ ሲያልቅ ምን እንደማደርግ ነበር። ሲሊንደሩ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ መንገዱም ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም ማንንም አልጠየቀም። የመጀመሪያው ጭነታችን ተሞልቶ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ከላዩ ናይትሮጅን የለው፣ የሚወስደው መኪና የለው።

"ይኸ ጭነት ከተመለሰ ማሽኑን ሸጨ ወደ በቆሎየ ነው" አሉ ባለቤቱ። ቁጣም ልመናም አልነበረበትም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነበር ያሉት። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አባቴ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ካለችው ማሳው ላይ ቆርሶ፣ በቆሎውን ትቶ ጠጅ ሳር የተከለው እኔ "ገዢ አለው" ስላልኩት ነው። ይህ ጭነት ከተመለሰ ሳሩን የሚገዛው ሰው አይኖርም።

በርሜሎቹን መመርመር ጀመርኩ። ከእያንዳንዱ በቀጭን ቱቦ ጥቂት እቀዳለሁ፤ ሮዝ ቀለም እስኪመጣ ድረስ አሲድ የሚለካውን መድኃኒት ጠብታ በጠብታ እጨምራለሁ። ብዙ ጠብታ ከፈለገ ኮምጥጧል ማለት ነው። በበሩ በኩል የቆሙት በርሜሎች በየጊዜው ብዙ ጠብታ እየፈለጉ ሄዱ። ይህን ጠብቄው ነበር። በጭቃው ግድግዳ በኩል የቆሙት ግን እንደተሞሉ ናቸው። ሁሉም ከአንድ ማሽን የወጣ ሲትራል ነው፤ ሁሉንም የሞላኋቸውም እኔው ነኝ። መጀመሪያ ብርጭቆዎቹን ጠረጠርኩ፤ እንደገና አጥቤ ለካሁ፤ ያው ሆነ። ቀጥሎ ራሴን ጠረጠርኩ። ከግድግዳው በኩል የቀዳሁትን ከበሩ በኩል ከቀዳሁት ጋር ቀይጬ ይሆን? ምልክት እያደረግሁ በጥንቃቄ ደገምኩት። ያው ሆነ።

አፍንጫዬም አይረዳኝም። ከሲትራል ጋር የሚውል አፍንጫ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምንም አይሸተውም። ስለዚህ አንድ እሑድ ከሁለቱም ወገን በትናንሽ ጠርሙስ ቀድቼ፣ ከብርሃን እንዲጠበቁ በፎይል ጠቅልዬ ወደ ቤተሰቦቼ ሄድኩ። ሚኒባሱ ገና ከቡሬ ሳይወጣ ረዳቱ ዙሪያውን ማሽተት ጀመረ።

"ሎሚ የጫነ ሰው አለ። ሎሚው ወንበር ከያዘ ይከፍላል።"

"ሎሚስ ደኅና፣ ዓሣ ቢጭኑ ነው የሚከፋው" አሉ አንዲት እናት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ቦርሳዬን አቅፌ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደጅ ተቀምጦ ነበር። "ዘይቱ እንዴት ነው?" አለኝ ገና ሳልቀመጥ፤ የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። ጠርሙሶቹን አውጥቼ የቱ ከየት እንደሆነ ሳልነግረው አቀበልኩት። አንዱን አሸተተ። ሌላውን አሸተተ። ተመልሶ የመጀመሪያውን አሸተተ።

"ይኸ ሎሚ ነው። ይኸም ሎሚ ነው። ግን ይኸኛው ወይራ ወይራ ይላል። ማን አጠነው?"

"አባባ፣ ሲትራል አይታጠንም።"

"እኔ ምን አውቄ። የጠየቅሽው አፍንጫየን ነው።"

ወይራ ወይራ ይላል ያለው ከግድግዳው በኩል የቀዳሁት ነበር። ያልኮመጠጠው።

ሰኞ ጠዋት እቃ አጣቢያችንን ፈልጌ ሄድኩ። ቡሬ አጠገብ ካለ የአዊ ቤተሰብ የመጡ፣ ሲሠሩ ከራሳቸው ጋር በአገውኛ የሚነጋገሩ፣ ከእናቴ የሚበልጡ ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ታላቅን ሰው ስለ ሥራው መጠየቅ ይከብደኛል፤ ከበርሜሎቹ አጠገብ ቆሜ ስለ ብርዱ ትንሽ አወራሁ። በመጨረሻ፣ "እትዬ፣ እነዚህን በርሜሎች ከታጠቡ በኋላ ምን ያደርጓቸዋል?" አልኩ።

"ምን አረጋቸዋለሁ። አደርቃለሁ፣ አጥናለሁ።"

"ያጥናሉ?"

"ጭስ ያላየ እቃ ውስጥ ምን ይገባል፣ እታለም? ጋኑም ይታጠናል፣ የወተቱ ቅልም ይታጠናል። ይኸ በላብ የመጣ ዘይት በምን ኃጢአቱ ባልታጠነ ይገባል?"

"ሁሉንም ነው ያጠኑት?"

"አይ፣ ሁሉንስ አላዳረስኩም። ወይራው አለቀብኝ። እነዚያን" አሉና በአገጫቸው ወደ ጭቃው ግድግዳ አመለከቱ፣ "እነዚያን አዳርሻለሁ። የቀሩትን እንዲያው እያፈርኩ ነው የሰጠሁሽ።"

በርሜል አንዳንዴ በአልኮል እናለቀልቃለን፤ ያ አልኮል በደንብ ሳይደርቅ በርሜሉ ፍም ላይ ተደፍቶ ቢሆን እትዬ ዛሬ አይኖሩም። ይህን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ "ፀሐይ ላይ ነው የማደርቀው፣ እጄን ከትቼ ሳላይ አላጥንም" አሉ ቀስ ብለው። እኔም እንዳስደነገጥኳቸው አይቼ ደነገጥኩ።

ማታ ክፍሌ ገብቼ የተማርኩባቸውን መጻሕፍት ገለጥኩ። የእንጨት ጭስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነገሮች ዘይትን ከአየር ይጠብቃሉ። ፋብሪካዎችም ሲትራል ሲያከማቹ የእነዚያኑ ዓይነት ነገር ሆን ብለው ጠብ ያደርጉበታል። እኛ ጋ ያ መድኃኒት የለም። ጭሱ ሥራውን ሠርቶ ይሆናል። ነገር ግን የጭቃው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይም በበሩ በኩል ነው የምትገባው። ቅዝቃዜው ይሁን ጭሱ ልለየው አልቻልኩም። ከዚህ የባሰ ያስጨነቀኝ ደግሞ ሌላ ነበር። ንጹሑ ሲትራል እየተበላሸ ነው፤ ያልተበላሸው ንጹሕ አይደለም።

ለባለቤቱ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ቆይ እስቲ። የተበላሸው ያልታጠነው ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እሽ። የታጠነውን እንሽጣ።"

"እሱ ደግሞ ጭስ አለበት። ሽቶ ውስጥ ጭስ አይፈልጉም።"

"ታዲያ የምሸጠው የቱን ነው?"

"አላውቅም።"

"ባለዲግሪዋ አላውቅም ካለች እኔ ቄሱን ልጠይቅ?" አሉና ሳይስቁ ተነሡ። "ደውይላቸው። እውነቱን ንገሪያቸው። ኋላ በአፍንጫቸው ከሚደርሱበት ካንች አፍ ይስሙት።"

ስልክ ማውራት አልወድም። የማላውቀው ሰው ጋ ከመደወሌ በፊት የምለውን በልቤ እደጋግማለሁ። የፈላው ሳር ከሚጣልበት ክምር ጀርባ ሄጄ ለገዢዎቹ የጥራት ኃላፊ ደወልኩ። ድምፅዋ ብዙም የማትበልጠኝ ሴት መሆኗን ይናገራል።

"ጭስ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ። የወይራ ጭስ።"

"ምን ያህል?"

"አልተለካም። ጭስ ስለሆነ።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

"ጭስ ያለበትን አንቀበልም፤ ይህን ታውቂያለሽ። አሲዱ ስንት ነው?"

አነበብኩላት።

"እንደገና አንብቢልኝ።"

እንደገና አነበብኩላት።

"ያለ ናይትሮጅን?"

"ያለ ናይትሮጅን።"

"እኔ የሚገባኝ እንደገና ብታጣሩት ጭሱ ይለቃል" አለች።

"ነገ ልንጀምር ነው" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ማሽኑ እንዲታጠብ አዝዤ ነው የደወልኩት።

"ነገ አጥርታችሁ እስከ መቼ ልታቆዩት? መኪናው መቼ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ?"

አናውቅም።

"ከተጣራ በኋላ የሚጠብቀው ነገር የለም። እንደ ቆሸሸ ተዉት። መኪና መምጣቱ ሲረጋገጥ አጣሩትና ወዲያው ጫኑት። የኮመጠጠውንም አብራችሁ አጣሩ፤ የሚተርፈው ይተርፋል። ደርሶ ካልሆነልን ግን እመልሰዋለሁ። ከአሁኑ እንድታውቂው ነው።"

ከክምሩ ጀርባ ተቀምጬ ቀረሁ። ንጽሕናን እንድጠብቅ የተቀጠርኩ ሰው፣ ቆሻሻው ከዘይቱ እንዳይለይ መጋዘን ስጠብቅ ልከርም ነው። ባለቤቱ ሲሰሙ፣ "አልገባኝም" አሉ። እኔም እንዳልገባኝ ነገርኳቸው። ሁለታችንም ያልገባንን ነገር ለመሥራት ተስማማን።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ስመረምር የምመኘውን አላውቅም ነበር። በግድግዳው በኩል ያለው እንዳለ ሲቆይ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ጭሱ ባይለቅስ እላለሁ። አባቴ እየደወለ "እንዴት አደረ?" ይለኛል። "አልባሰበትም" እለዋለሁ።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል መኪናው እስኪነሣ ድረስ ማሽኑ ሳያቋርጥ ሠራ። በበሩ በኩል ከነበሩት ብዙው ጥቁር ዝልግልግ ሆኖ ማሽኑ ሥር ቀረ፤ የተረፈው ትንሽ ነው። ከግድግዳው በኩል የነበረው እንደ ገባ ያህል ወጣ። መጀመሪያ የወረደውን፣ ጭሱ የበዛበትን፣ ለብቻ አስቀመጥነው። የቀረውን እትዬም፣ ሾፌሩም፣ ባለቤቱም አሸተቱ። እኔ ምንም አይሸተኝም፤ ፊታቸውን አይ ነበር። መኪናው አዲስ ሲሊንደር ይዞልን ስለመጣ ናይትሮጅን ሞልተን ላክነው።

የጥራት ኃላፊዋ መልእክት አጭር ነበር። ተቀብለናል፤ ቀጣዩንም እንጠብቃለን። ከሥር ደግሞ፣ የጭሱ ነገር ከገባሽ ንገሪኝ ብላለች። አባቴ ዘንድ ስደውል የነገርኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። "ሳሩን አልነቅለውማ" አለኝ። "አትንቀለው" አልኩት።

ለሁለተኛው ጭነት በርሜሎቹ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተሰጡ። ባለቤቱ ሁሉም ይታጠን አሉ። እኔ ግማሹ ብቻ እንዲታጠን፣ የታጠነውና ያልታጠነው በሁለቱም በኩል ተቀላቅሎ እንዲቆም፣ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ናይትሮጅን ሳይገባበት እንዲቀር ለመንኳቸው። ያለዚያ የግድግዳውን ቅዝቃዜ ከጭሱ መለየት አልችልም። እያመነቱ እሽ አሉ። ያልተስማሙት እትዬ ናቸው።

"ግማሹን እንዴት ልተወው? ያልታጠነው የሚደርሰው እንግዳ ማነው?"

"የማን እንደሚሆን አይታወቅም፣ እትዬ።"

"ነውር አይደለም ወይ?"

"ማወቅ ስላለብኝ ነው።"

"ካወቅሽ በኋላስ?"

እትዬ ወደ ፍሙ ዞሩ። አንዱን በርሜል እጃቸውን ከትተው መድረቁን አዩና ጭሱ ላይ ደፉት። ድርሻቸውን ሲጨርሱ አፋቸውን ወደ ፀሐይ አድርገው ደረደሯቸው። ያልታጠነውን የኔን ግማሽ ደግሞ አንድ በአንድ እያነሡ፣ ሰው እንዳያየው አፉን ወደ ግድግዳው አዞሩት።