ሐሰን ሲሰግድ የመጣው ድብ

ከፉሩሴት ሰፈር ጀርባ ባለው ጫካ አብረን ስንሄድ እጄ ቀኝ ወገቤን ሲዳብስ እያያችሁ ትስቁብኛላችሁ፣ እናንተ ዘንድሮ የአደን ፈተና ያለፋችሁ ልጆች። እንግዲህ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

እንደዛሬው የመጸው ወቅት ነበር፤ በርች የሚሉት ዛፍ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ከሐሰን ጋር ኤልግ ለሚባለው ግዙፍ አጋዘን አደን ካናዳ ሄድን። ሐሰን የእህቴ ባል ነው፤ እዚሁ ኦስሎ ነርስ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው። እህቴ ስትሸኘን ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አደራህን፣ እንደወሰድከው መልስልኝ» አለችኝ።

መሪያችን አዛውንት ካናዳዊ ነበሩ። የድብ ስፕሬይ፣ ድብ ፊት ላይ የሚረጨውን የበርበሬ ጣሳ፣ ቀኝ ወገባችን ላይ ሳንታጠቅ ከድንኳን አያስወጡንም። «ቦርሳ ውስጥ ያለውን ቤት እንደቀረ ቁጠሩት» ይሉናል። መቆለፊያውን በአውራ ጣት መንቀልን ሳናይ እስክንችለው ድረስ በመለማመጃ ጣሳ አሠሩን። እኔ መጀመሪያ እንደ ትንኝ መከላከያ ልብስ ላይ የሚነፋ መስሎኝ ነበር፤ ሳቁብኝ።

አንድ ከሰዓት ሐሰን ኤልግ መትቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ሽማግሌው ፈረሶቹን ሊያመጡ ሄዱ። የደም ሽታ ድብ ይጠራል ብለውን ስለነበር ከሥጋው ራቅ ብለን ተቀመጥን። ከወንዙ ጭጋግ ተነሳ። የአስር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ሐሰን ጠመንጃውንም ስፕሬዩንም ለአክብሮት ብሎ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለ። እኔ የራሴን አልፈታሁም። አባቴ በፍርሃት ጊዜ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ይጠብቃል ይሉኝ ስለነበር «ቅደም፣ እኔ ቆሜያለሁ» አልኩት።

ሐሰን ያንሾካሹካል፤ ጭጋጉ በበርቾቹ መሃል ይንሸራተታል። ያለሁበትን ረሳሁ፤ ደስ የሚል ፍዝዝ ማለት ነበር። ሥጋው አጠገብ ሲጮሁ የነበሩት ቁራዎች ዝም አሉ። ቀድሞ ያላየሁት ድንጋይ ጭጋጉ ውስጥ አለ። ድንጋዩ አንገቱን አዞረ።

ሐሰን ሱጁድ ላይ ነው፤ ግንባሩ መሬት ነክቷል። ነፋሱ ከግራዬ ወደ ቀኜ ይሄዳል፤ ሐሰን ደግሞ በቀኜ ነው። ካለሁበት ብረጭ በርበሬው እሱን ያገኘዋል። ነፋሱ በጎን እንዲያልፈው፣ እየፈራሁ በእሱና በድቡ መሃል ገባሁ። «ሐሰን፣ እንዳለህ ቆይ» አልኩት በዝግታ። ጀርባውን አላንቀሳቀሰም።

ድቡ ተነፈሰ፣ ጥርሱን አንቀጫቀጨ፣ ወደ እኛ ሮጠ። አውራ ጣቴ መቆለፊያውን ነቀለ። ዝቅ አድርጌ ከፊቱ ረጨሁ፤ ብርቱካንማ ደመና በመሃላችን ቆመ። ድቡ ገባበትና ጠፋ። ያቺን ቅጽበት ዛሬም በሕልሜ አያታለሁ፤ እህቴ በር ላይ ቆማ ትታየኛለች። ከዚያ የድቡ ሳል ተሰማ፤ ቅርንጫፍ ሲሰበር ድምፁ እየራቀ ሄደ።

ሥጋውን ትተን፣ ዓይናችን እየተቃጠለ፣ ፊታችንን ከጫካው ሳናዞር ወደ ኋላ ተጓዝን። ፈረሶቹ ጋ ስንደርስ ሐሰን ፊቱን ታጥቦ «ሶላቴን አቋርጬው ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሁሉም ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። እንደገና ሰገደ፤ እኔም እንደገና ቆምኩ።

እዚህ ከተማ ስፕሬዩን ይዛችሁ እንዳትዞሩ፣ ያስጠይቃችኋል። ድብ አገር ከሄዳችሁ ግን ከገላችሁ አትለዩት፤ ሁልጊዜም ነፋሱን እወቁ።

አንዳንዴ ሊንደሩድ ሰፈር እነ ሐሰን ቤት አብረን እንሰግዳለን። እሱ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ሲያደርግ እኔ ትንሽ እዘገያለሁ። በሩን አይቼ ነው ወደ ሱጁድ የምወርደው።