ልቤን ሲያጥወለውለኝ የልብ ኪኒን ጨመርኩበት

ያጠብኩት ነጠላ ገመዱ ላይ ተሰጥቶ ቢጫ ሆኖ ታየኝ። ከቀበሌ ሱቅ የመጣውን አዲሱን ሳሙና አማሁት። ደግሜ አጠብኩት። አሁንም ቢጫ ነው። ቀና ስል በአስኮ በኩል ያለው ደመና ቢጫ ሆኗል፤ የጭቃው ግድግዳ፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ሳይቀር ቢጫ ለብሷል። ሰኔ ሳይወጣ መስከረም የጠባ መሰለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምር ነበር። ሕልም ውስጥ ያለ ሰው አይቸኩልም፤ እኔም እጄ እየተንጠባጠበ ቆሜ ሳይ ቆየሁ።

ልጄ ሰናይት ከቤት ብቅ አለች። ራሷን ብርሃን ከቦታል፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደሚሣሉት መላእክት።

"ምን ተቀብተሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም አልተቀባሁም እማዬ። ምነው?"

"ታበሪያለሽ።"

ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ተወችው። ያኔ ፈራሁ። ሳሙናው አልነበረም። ዓይኔ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ የልብ ኪኒን ለምትውጡ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሱኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ ትልቁ ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና በሄደበት ዓመት ነው። ከአየር ጤና ሽንኩርት ተሸክሜ ስመለስ ልቤ ምቱን ሳተ። እጅ ውስጥ እንደገባች ወፍ ይርገበገባል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሮጣል። ትንፋሽ አጠረኝ፣ እግሬ አበጠ። ሆስፒታል ስሄድ አንድ ወጣት ሐኪም በልጅነቴ ጉሮሮዬንና መገጣጠሚያዬን አሞኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። በደንብ አሞኝ ያውቃል። ለካ ያ ሕመም ሲሄድ የልቤን ቫልቭ አበላሽቶት ኖሯል፤ ቫልቭ ማለት የልብ በር ነው አለኝ ሐኪሙ። ሽንት የሚያሸና ኪኒንና ዲጎክሲን የምትባል ትንሽ ነጭ ኪኒን አዘዘልኝ።

"እማማ፣ ዲጎክሲንን በቀን አንድ ብቻ። ልብዎን ታረጋጋለች" አለኝ።

እኔ ይዤ የወጣሁት "ልብዎን ታረጋጋለች" የሚለውን ነው።

አረጋጋችኝም። ትንፋሼ ተመለሰ፣ የእግሬ እብጠት ጎደለ፣ ዳገቱን ሳላርፍ መውጣት ጀመርኩ። ከወራት በኋላ ግን ልቤን አጥወለወለኝ። የምግብ ሽታ አስጠላኝ። መቼም እኛ ሊያስመልሰን ሲል የምንለው "ልቤን አጥወለወለኝ" ነው። የበላነው አልረጋ ሲልም "ልቤን ነፋኝ" እንላለን። እና ልብ ከታመመ የልብ መድኃኒት አይደል የሚዋጠው? ጎረቤቴ እትዬ ዘነበችም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ጠየቁኝ።

"የሰናይት እናት፣ ልብሽ እንዴት ዋለ?"

"ኧረ ተዉኝ እትዬ፣ ሲያጥወለውለኝ ነው የዋለው።"

"ታዲያ ኪኒኑ አነሰሻ! ይቺን ታህል ፍሬ ለዚህ ሁሉ ገላ? ለዶሮም አትበቃ!"

ተሳሳቅን። የዚያን ዕለት አንድ ጨመርኩ። በማግሥቱ ባሰብኝ፣ አስመለሰኝም። ስለባሰብኝ ጨመርኩ። ስለጨመርኩ ባሰብኝ። ነጠላው ቢጫ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰናይት ደግፋኝ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድን። ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ውይይት ታክሲ ተሳፈርን፤ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥበት ነው። በፊቴ ያሉት ሁሉ ያበራሉ። ጎማው መሬት የሚነካ አይመስልም፤ ሱቁም ዛፉም በቢጫ ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ማፍጠጤን አየ።

"እሜቴ፣ ያውቁኛል እንዴ?"

"አላውቅዎትም። ብርሃን ከቦዎት ነው።"

"እባክዎ ይህን መጥተው ለባለቤቴ ይንገሩልኝ!"

ታክሲው በሳቅ ሞላ። ሰናይት አልሳቀችም። እጄን ጨብጣ ይዛለች።

ልቤ ዘገየ። አንዴ መታ። ቆመ። ጠበቅሁት። መጣ። ደግሞ ቆመ። የልጄን እጅ አየሁ። አባቷ የለም። ወንድሟ ጦር ሜዳ ነው። እኔ ብሞት ማን አላት? ይህን ብቻ ነው ያሰብኩት። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ያው ሐኪም ነበር የተቀበለኝ። የእጄን ትርታ ይዞ ፊቱ ተለወጠ። ደረቴ ላይ የልብ ምት የሚመዘግበውን የኢሲጂ ሽቦ አደረጉ። ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀኝ።

"ልቤን ያጥወለውለኛል።"

"ዲጎክሲኗን እንዴት ነው የሚወስዱት?"

"እንደ ሕመሙ ነው። ልቤን ሲያጥወለውለኝ እጨምራለሁ።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እማማ፣ የሚያጥወለውልዎትን ልብ በጣትዎ ያሳዩኝ" አለኝ።

ጣቴን ከእምብርቴ ከፍ አድርጌ፣ የጎድን አጥንት ከሚለያይበት በታች አሳረፍኩት።

"ይሄ ጨጓራዎ ነው" አለኝ። ጣቴን ይዞ ወደ ግራ ደረቴ ወሰደው። "ልብዎ እዚህ ነው ያለው። የሚያጥወለውልዎትም፣ ቢጫ የሚያሳይዎትም ኪኒኑ ራሱ ነው። ልኩን ሲያልፍ ይመርዛል።" ቀጥሎም "የእኔም እናት ሆዷን ሲያማት ልቤን ነው የምትለው። ያኔ ሳዝዝልዎት መጠየቅ ነበረብኝ" አለ።

ኪኒኑን አስቆሙኝ። ደሜን ቀድተው መረመሩ። ፖታሲየም የሚባል ጨው በደሜ ውስጥ ጎድሏል፣ የሚያሸናው ኪኒንና ትውከቱ ጠርገውታል አሉ፤ እሱን ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ተኩልኝ። ሰናይት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሬን ትዳስስ ነበር።

ቢጫው በአንድ ጊዜ አልሄደም። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቅ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እየሰማሁ፣ መጀመሪያ ከአስታማሚዋ ነርስ ጋዋን እጅጌ ላይ፣ ቀጥሎ ከአንሶላው፣ በመጨረሻም ከመስኮቱ ማዶ ካለው ሰማይ፣ ጎርፍ ከሜዳ ላይ እንደሚጎድል ቀስ እያለ ጎደለ። የልቤ ምትም እንደ ደከመው መንገደኛ እያረፈ፣ እያረፈ ሲመለስ ይሰማኝ ነበር። አንድ ጠዋት ራበኝ። "እህል አምጪልኝ" ስላት ሰናይት አለቀሰች።

አስታማሚዋ የእጄን ትርታ በሰዓት መቁጠር አስተማረችኝ። ኪኒኑን ከመዋጤ በፊት ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ፤ ከስልሳ ካነሰ ሳልውጥ ወደ ሐኪም እሄዳለሁ። ለእኔ የተነገረኝ ይህ ነው፤ የእናንተን ልክ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አንድ ቀን ብትረሱ በማግሥቱ እጥፍ አድርጋችሁ አትዋጡ። ፈርታችሁም በራሳችሁ አታቁሙት፤ እኔም ዛሬ ሐኪሙ ያሳነሰልኝን መጠን እወስዳለሁ፣ ያኖረኛል። ሌላ መድኃኒት፣ የባሕል ሥር ቅጠልም ቢሆን፣ የምትወስዱ ከሆነ አትደብቁት። እህል ካስጠላችሁ፣ ካስመለሳችሁ፣ የምታዩት ቀለም ከተለወጠ ወይም ልባችሁ ከዘገየ አታቅማሙ፣ ሂዱ። "ልቤን አመመኝ" ስትሉ ደግሞ ቃሉን ብቻ አትስጡ፣ ቦታውን በጣታችሁ አሳዩ።

ለዚያ ሐኪም፣ ለአስታማሚዋ፣ ለልጄ ውለታቸውን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። እትዬ ዘነበችም ስመለስ በር ላይ ጠብቀው አቅፈው አለቀሱ። "ገድዬሽ ነበር እኮ!" ሲሉኝ "አልገደሉኝም እትዬ፣ ይኸው በእግሬ መጣሁ" አልኳቸው። ሰናይት በሩን ከፈተችልኝ፣ ገባሁ። ከሞት ተርፌያለሁ። ደህና ነኝ።