ካርታው ላይ የሌለው መንገድ

በየነ ዕድሜውን የፈጀው የሰው ቤት ሲያቆም ነው። ኮልፌ አጠና ተራ ባሕር ዛፍ እየሸጠ ጎለመሰ፤ በኋላም ቆርቆሮና ምስማር ጨመረበት። ደንበኛ ሲመጣ “ለአጥር ነው ለቤት?” ብሎ ይጠይቅና እንደ መልሱ ቀጥ ያለውን ወይም ጠመም ያለውን እየመረጠ ያስጭንለታል። ከዚያ እስከ ጦር ኃይሎች ካሉት የጭቃ ቤቶች ስንቱ በእሱ እንጨት እንደቆመ እሱም አያውቀውም። ማታ ግን የሚገባው ተከራይቶ ከሚኖርበት የሰው ግቢ ነበር።

ተከራይ ሆኖ የኖረ ያውቀዋል። አንዷ አከራይ አምፖል ትቆጥርባቸው ነበር። ሌላው ሳያንኳኳ በሩን ገፍቶ ይገባና፣ እነ በየነ እራት እየበሉ፣ ያሳደሰውን ኮርኒስ ለእንግዳ ያሳያል። ከሁሉ የተሻለችው ሴትዮ ደግሞ ልጇ ሲያገባ ቤቱን ፈለገችው። ልጆቹ ዮኤልና ማራናታ ድምፃቸውን ቀንሰው መሳቅን የለመዱት ገና አፋቸውን ሲፈቱ ነው። በየነ በዚህ ሁሉ አላማረረም። ከዳውሮ የመጡት አባቱ “ሰው ቤት የተቀመጠ እግሩን ይሰበስባል” ይሉት ነበርና እግሩን ሰብስቦ ኖረ። ውስጥ ውስጡን ግን አንድ ነገር ይመኝ ነበር፤ እሱ ካልከፈተው የማይከፈት በር። ጣሪያውም ግድግዳውም ለእሱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነበር።

ቤቱ የተገኘው በጆሲ በኩል ነው። ጆሲ በሁለት ስልክ የሚያወራ፣ ሲሄድ እንኳ የሚቸኩል የሰፈር ደላላ ነው። ቦታው በቤቴል በኩል ቁልቁል በሚወርድ ሰፈር ውስጥ ሲሆን ከላይ አስፋልት፣ ከታች ወንዝ አለው። ሟቹ ባለቤት ያወረሱትን ልጃቸው ተክለሃይማኖት ይሸጣል። በግቢው ጠርዝ፣ ከላይኛው መንገድ እስከ ኋለኛው አጥር፣ የሰው እግር የጠቀጠቃት ቀጭን መንገድ ነበረች፤ በሁለቱም ጫፍ የቆርቆሮ በር አላት። በየነ ይህቺ ምንድን ናት ብሎ ጠየቀ። ተክለሃይማኖት ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ ለኋላ ጎረቤቶች አባቴ ፈቅዶላቸው ነው፣ ካርታው ላይ ግን የለችም፣ ካልፈለጓት ይዘጓታል፣ አለው። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ጎደሎ እውነት ግን ከሐሰት ይብሳል፤ ሐሰት ቢያንስ ያስጠረጥራል።

ሚስቱ ዘመነች ነገሩ አልጣማትም። እናቷ ሲያወጓት የሰማችው፣ ሰው ቦታ ከመግዛቱ በፊት ከአዋሳኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ እንደሚጫወት ነው። ጎረቤቶቹን ሳንጠይቅ? አለች።

ጆሲ ሳቀባት። “እትዬ፣ ጎረቤት ሰማ ማለት ሰፈር ሰማ ማለት ነው። ነገ ጠዋት ሌላ ገዢ ካሽ ይዞ እዚህ በር ላይ ይቆማል። የምትገዙት ቤት ነው ጎረቤት?”

በየነም አብሮ ሳቀ። ያን ሳቁን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቦታል።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ቤቱ አፍ አወጣ። ስም ለማዛወር፣ ለደላላ፣ ሟቹ ሳይከፍሉት ለከረመው የውሃ ውዝፍ፣ ሁሉም እጁን ዘረጋ። ኮርኒሱ ሲነሳ ደግሞ የጣሪያውን እንጨት ምስጥ ጨርሶት ተገኘ። አጠና ተራ ይህን ሲሰማ የሳምንት ጨዋታ አገኘ፤ የሰው እንጨት እያንኳኳ የሚመርጥ ሰው የራሱን ቀና ብሎ ሳያይ ገዛ እያሉ ተሳለቁበት። ዘመነች የአንገት ሐብሏን ሸጠች፤ “ይሄ ቤት ጥርሱን መቼ ነው የሚነቅለው?” እያለችም አሳቀቻቸው። እንዲህ ያለው ወጪ ያማል እንጂ አያጸጽትም። ገንዘብ የከፈተውን ቀዳዳ ገንዘብ ይደፍነዋል።

በገቡ በማግስቱ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በየነ በግቢው ውስጥ የሰው ኮቴ ሰማ። ብድግ ብሎ ወጣ። ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊት በከዘራ እየተደገፉ በቀጭኗ መንገድ ሽቅብ ይወጣሉ።

“ማነው?” አለ።

“እኔ ነኝ። ተኛ ልጄ፣ ገና ነው።”

አሮጊቷ እማማ ሸዋገነት ናቸው፤ የኋላ ጎረቤታቸው የጋሽ መዝገቡ እናት። ኪዳን መሄዳቸው ነው። ዘመነች ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ሞተች፤ እናት አገኘህ አለችው። እሱ ግን አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ ከጠበቀው በኋላ በገዛ ግቢው፣ በገዛ ደጁ፣ ሌላ ሰው ተኛ አለው። ከአሮጊቷ ቀጥሎ ተማሪዎች መጡ፤ ከተማሪዎቹ ቀጥሎ ጀሪካን የያዙ ሴቶች። ሁሉም ሰላም ይሉታል። አንድ ጠዋት፣ ሰላምታ ሲመልስ ድሮ ለአከራዮቹ ያደርግ እንደነበረው አንገቱን ሰበር እንደሚያደርግ ታወቀው። መንገዷን ሊዘጋት የቆረጠው ያን ጠዋት ነው።

ክፉ ሰው ስላልነበረ ሄዶ ሊነግራቸው ወሰነ። ጋሽ መዝገቡ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ሰውን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጡ፣ ለራሳቸው ግን ቶሎ የማይናገሩ። በየነ የመጣበትን ሁሉ ተናገረ፤ ስለ ኪራይ ዘመኑም ጭምር። በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ አዳመጡትና፦

“ግቢው ያንተ ነው፣ ማን ምን ይልሃል” አሉ። “እኔ እምልህ ግን፣ ከሟቹ ጋር እንዲሁ አልነበረም የተነጋገርነው። ክረምት ሲገባ ይሄ ያንተ ግቢ…”

“ጋሽ መዝገቡ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የገዛሁት ካርታው ላይ ያለውን ነው።”

ሰውየው ትንሽ አዩት። “እሺ” አሉ።

በእኛ አገር “እሺ” የማይሆነው ነገር የለም፤ ምርቃትም ይሆናል፣ ስንብትም ይሆናል። በየነ ፈቃድ ነው ብሎ ወሰደው።

ግንቡ በግንቦት፣ በኋለኛው አጥር በኩል፣ የመንገዷን ጫፍ ዘግቶ ተሠራ። በብሎኬት፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርጎ፤ ለዝናብ ውሃ ማለፊያ ብቻ ከሥሩ ቀዳዳ አስተወለት። በላይ በኩል ያለችውን የቆርቆሮ በርም በብረት ተክቶ ቆለፋት። በዚያ ሰሞን የተኛውን እንቅልፍ ከልጅነቱ ወዲህ ተኝቶ አያውቅም። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲስቁ ሥራውን ትቶ ይሰማቸው ነበር። ይህም መካድ የለበትም፤ ደስታው የእውነት ነበር። ሰው ጥፋቱን በሚሠራበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ደስተኛ ነው።

ጎረቤት ጠብ አላነሳም። ሴቶቹም ተማሪዎቹም ወደ ታች ወርደው፣ በወንዙ ዳር ዞረው፣ በዳገቱ መውጣት ጀመሩ። ሲያገኙት ሰላም ይሉታል፤ ግን አይቆሙም። ዘመነች ዕድር ለመግባት ስትሄድ በመልካም ተቀበሏት፣ መዘገቧት፣ ወንበር ግን ያቀረበላት የለም። የዕድሩ ዳኛ አቶ ደግፌ ናቸው በኋላ ለብቻው ጠርተው በሰፈሩ የሚወራውን የነገሩት፤ ጴንጤ ስለሆነ ኪዳን የምትሄድ አሮጊት አላሳልፍም አለ ተብሏል። በየነ ደነገጠ። ማለ፣ ተገዘተ። በልቡ የነበረው ከአከራዮቹ ጋር የነበረ ሒሳብ እንጂ ከማንም እምነት ጋር አልነበረም። አቶ ደግፌ አመኑት። “እኔ አመንኩህ” አሉት፤ “ግን ግንብ አፍ የለውም። ያየው ሁሉ የመሰለውን ያናግረዋል።”

ያኔም ቢሆን ማፍረስ ይችል ነበር። አላፈረሰም። አሁን ባፈርሰው ሐሜቱን እውነት አደርገዋለሁ ብሎ አሰበ። ሰው ለእልኸኝነቱ የሚሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ መልከ መልካም ነው።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ከላይኛው አስፋልት የተጠራቀመው ጎርፍ በግቢው በኩል ቁልቁል መጣና ግንቡ ሥር ደርሶ ቆመ። ቀዳዳው ክፍት ነበር፤ ውሃው ግን አልሄደም። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ሳሎን ገባ። ዘመነች ፍራሽ ስትሸከም፣ ዮኤል በባልዲ ሲቀዳ፣ ማራናታ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ስታለቅስ፣ በየነ በዝናቡ ውስጥ ቀዳዳውን በእንጨት ሲወጋ አመሸ። በማግስቱም ዘነበ፤ ዳግመኛ ገባ። በሦስተኛው ቀን የተለሰነው ግድግዳ ከሥሩ ሲላጥ አቶ ደግፌን ይዞ ወደ ጋሽ መዝገቡ በረንዳ ሄደ።

ምስጢር የለውም ነገሩ፤ ጋሽ መዝገቡ ነገሩት። ከግንቡ ወዲያ፣ በጋሽ መዝገቡ ግቢ ውስጥ፣ ውሃውን እስከ ወንዙ የሚያወርድ ቦይ ነበር። እሳቸውና ሟቹ ሁለቱም ጎልማሶች ሳሉ ተነጋግረው ነበር፤ ሰው በሟቹ ግቢ ሽቅብ ይውጣ፣ ውሃ በመዝገቡ ግቢ ቁልቁል ይውረድ ብለው። አልተጻፈም፣ አልተፈረመም። ሟቹ አንድም ቀን በራቸውን አልቆለፉም፤ ጋሽ መዝገቡም አንድም ሰኔ ቦዩን ሳይጠርጉ አልቀሩም። ዘንድሮ መንገዷ ስትዘጋ ቦዩን በአፈር ሞልተው ጎመን ተከሉበት።

“ያን ቀን ይሄን ሊነግሩኝ ነበር” አለ በየነ።

“ጀምሬልህ ነበር።”

“ቦዩ ቢከፈትልኝ…”

“የኔም ካርታ ላይ እኮ ቦይ የለም፣ በየነ።”

በቁጣ አላሉትም። እንዲያውም ድምፃቸው ውስጥ የደከመ ሰው ሐዘን ነበረ። አቶ ደግፌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ሽምግልናውን ሊጀምሩ፣ አንተ ይህን አድርግ፣ አንተም ያን አድርግ ሊሉ ነው። ጋሽ መዝገቡ አላስጀመሯቸውም። ተነሥተው ከበሩ ጀርባ ዶማ አወጡና በሚያካፋው ዝናብ ወደ ጎመኑ ሄዱ። ግንቡን አፍርስ አላሉም። የደረሰውን ጎመን ከነሥሩ እየገለበጡ መቆፈር ጀመሩ።

በየነ አካፋ ለምኖ ገባ። ጎን ለጎን ጭቃውን ሲያወጡ ቆዩ። ውሃው መንገዱን ሲያገኝ እየተንጎራጎረ ወረደ። በየነ በቅድመ ሁኔታ ቢጠየቅ ኖሮ ይቀለው ነበር። ተስማማሁ ብሎ፣ ሰጥቶ ተቀብሎ፣ እኩል ሆኖ ይወጣ ነበር። ምንም ያልጠየቀን ሰው ግን ምን ይከፍሉታል?

በማግስቱ እሱና ዮኤል ግንቡን አፈረሱ። የብረቱንም በር ከማጠፊያው ነቀለው። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ እየተገፋፉ አለፉ፤ በሁለተኛው ጀሪካን የያዙት ሴቶች። እማማ ሸዋገነት ግን አልመጡም። በየነ ዝናቡ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ሳምንት ሲያልፍ ግን አልቻለምና ጋሽ መዝገቡን ጠየቃቸው። ገብተህ ጠይቃት አሉት።

አሮጊቷ መስኮት ሥር ባለ አልጋ ላይ፣ ጀርባቸውን በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ በወንዙ ዳር እየዞሩ ትንሽ ጊዜ ሄደው ነበር። ሰኔ ላይ ዳገቱ አዳልጧቸው ወደቁ። አልተሰበሩም፤ ፈሩ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ከደጅ አልወጡም።

“እማማ፣ መንገዱ ተከፍቷል እኮ” አላቸው።

“ነገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ።” እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት። “እግር እኮ በየቀኑ ካልሄዱበት ይሸሻል። ሳልሄድ የዋልኩት ሰሞን ነው የሄደብኝ። ቀድሞም ሲያስብ ከርሞ ይሆናል።”

በየነ ይቅርታ በማለት ፈንታ ራሱን መከላከል ጀመረ። ሰፈሩ የሚለውን እንዳያምኑ፣ ስለ ኪዳኑ ብሎ እንዳልዘጋ ተናገረ።

“አውቃለሁ” አሉት። “ሰው ቤት ሲያገኝ በሩን ይዘጋል። እኔም እዚህ መጀመሪያ ስገባ ዘግቼ ነበር።”

ዮኤል ጎረምሳ ነው፣ አዝሎም ቢሆን በየጠዋቱ ያድርስዎት አላቸው። አሮጊቷ በድዳቸው ሳቁ።

“ተሸክመው የሚወስዱኝ ቀን አይቀርም ልጄ። ለሱ ደግሞ ምን አስቸኮለን።”

እሳቸው ስለሳቁ እሱም ሳቀ። ጥቂት ተጫውተው፣ ስለ ልጆቹ ጠይቀውት፣ መርቀውት ተነሣ።

ያ ቤት ያስወጣውን ሁሉ ዛሬ ቢጠይቁት አንድ በአንድ ይነግራል፤ ውዝፉን፣ ምስጡን፣ የተላጠውን ግድግዳ፣ የሚስቱን ሐብል። ሐብሉን በሁለተኛው ዓመት ተክቶላታል። ለገዢ ሁሉም ሰው የሚመክረው ስለ እነዚህ ነው፤ ሰነዱን እይ፣ ቆጣሪውን እይ፣ ጣሪያውን እይ። ጣሪያውንም፣ ቆጣሪውንም፣ ሰነዱንም የሚያይ ባለሙያ በገንዘብ ይገኛል። አንዲት አሮጊት በየጠዋቱ በየት በኩል እንደምትወጣ ግን ጠርቶ፣ ወንበር ስቦ፣ የተጀመረን ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ከማዳመጥ በቀር የሚታወቅበት መንገድ የለም።

በየነ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ዘመነች ደጅ ላይ የረጠበ ምንጣፍ ታሰጣ ነበር። ፊቱን አየችና ሥራዋን ተወች።

“ምን አሉህ እማማ? መቼ ማለፍ ይጀምራሉ?”

በየነ የምንጣፉን ሌላውን ጫፍ ያዘላት።

“ዝናቡ ያባራ ብለዋል” አላት።