ለዐሥር ሰዓት የሚደርስ አንቴና

የሪሞቱ አንቴና ሲሰበር ድምፁ ትንሽ ነበር፤ የደረቀ የጥርስ መፋቂያ የተሰበረ ያህል። ልጄ አላለቀሰችም። መኪናዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችና ታቅፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ አየችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ፋብሪካ ቆሜ ያደርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሙቀት እንቅልፍ በስንት ልመና መጥቶልኝ ሳለ፣ ያቺ ቀይ የአሻንጉሊት መኪና የአልጋዬን እግር ትገጫለች። አንዴ "ተይ" አልኳት። ሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ተነሥቼ ሪሞቱን ከእጇ መነጨቅሁና ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጥኩት። ንዴቴ ድሮም እንዲህ ነው፤ እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ እኔ ከኋላው ስብርባሪ እለቅማለሁ።

መኪናዋን የላከችላት እናቷ ናት፣ ዐረብ አገር ሆና። ስትሄድ አስምላኛለች። የሰባበርኩትን በርና ቴሌቪዥን የምታውቅ ሴት ናት። "በንዴት አንድ ዕቃ ብትሰብር፣ ልጄ በማግስቱ መልካ ጀብዱ እናቴ ጋ ትሄዳለች" አለችኝ። እኔም ማልኩ። ያ ቀን ደግሞ ዓርብ ነበር። ዓርብ ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ በቪዲዮ ትደውላለች፤ ልጅቷም መኪናዋን ስትነዳ ልታሳያት ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመድ ነው የከረመችው። ሰዓቱን ሳይ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ልጄን አከራያችን ጋ አስቀምጬ፣ ሪሞቱን በፌስታል ይዤ በባጃጅ ከሳቢያን ወደ ቀፊራ ከነፍኩ። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ሱቅ ክፍት አገኛለሁ ብሎ የሚሮጥ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጉድ የመጣበት ነው። እኔ እንግዳ አይደለሁም። የሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ እንደ ሌላው ሁሉ ተዘግቷል። በጓሮ በኩል ዞሬ አንኳኳሁ።

ሽማግሌው ጠጋኝ ከጁምዓ ተመልሶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በርጫ ላይ ተቀምጧል። ጫቱ ገና መቀንጠሱ ነው።

"ኮቱ፣ ግባ! አቦ በዚህ ፀሐይ ሰው ይሮጣል እንዴ?"

ሪሞቱን አሳየሁት፤ ለዐሥር ሰዓት መድረስ እንዳለበትም ነገርኩት።

"ወላሂ አሁን ብነካው አበላሸዋለሁ። እጄ ገና አልነቃም። ትንሽ ልቃምና እሠራልሃለሁ፤ ቁጭ በል።"

በርጫ ላይ ባዶ እጅን ገብቶ ማጣደፍ ነውር መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ተኩል ሆነ፣ እነሱ ስለ ጥንቱ ባቡር ያወራሉ።  በመጨረሻ "ሰውዬ፣ ትሠራለህ አትሠራም?" ብዬ ጮህኩ።

 ሽማግሌው አልተቆጣም። ሪሞቱን አንስቶ ከጎኑ ካለው ትራስ ኋላ አስቀመጠው።

"ዋርያ፣ ጫማህን በር ላይ አውልቀሃል አይደል? ንዴትህንም እዚያው አውልቀው።"

ይቅርታ ጠየቅሁ። እንዲያ የለመንኩት ሰው በሕይወቴ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ መነጽሩን አጠለቀና ሪሞቱን ፈታው። አጭሩ ጥቁር አንቴና ከገባበት ቀዳዳ ጋር ተሰንጥቆ ወጥቷል። ጣቶቹን ገርሞኝ አየኋቸው፤ ቅንጣት አይንቀጠቀጡም።

"ማን ሰበረው?"

"ልጄ ጣለችው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ይኼ የወደቀ አይደለም። የተመታ ነው።" 

ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ የሚሳብና የሚታጠፍ ረጅም ነጭ አንቴና ነቀለ። ሥሩን ፋቀ፣ የጋለውን ብረት አስጠግቶ እርሳሱን አቀለጠ፣ ሽቦውን አጣበቀ፣ እፍ አለበት። "መኪናዋን አምጣና እንሞክረው" ሲለኝ ክው አልኩ። መኪናዋን ቤት ትቻት ነው የመጣሁት። ሪሞቱንና ባትሪዎቹን አፍሼ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ ለዐሥር አምስት ጉዳይ ነበር። ባትሪዎቹን አስገባሁ፣ አንቴናውን ሳብኩ፣ ተጫንኩ፤ መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ልጄ ሪሞቱን ቀስ ብላ ወሰደችና ጀርባውን ከፈተች። ባትሪዎቹን ገልብጬ ነበር ያስገባኋቸው። አዙራ ስታስገባቸው መኪናዋ ቱር ብላ በሩን አለፈች። ያኔ በደስታ መሳም ሲገባኝ ትከሻዋን ይዤ፣ "እናትሽ ከጠየቀችሽ፣ ከእጄ ወድቆ ነው በይ" አልኳት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ስልኩ ጮኸ። መኪናዋ ግቢውን ዞረች፤ እናቷ በስልኩ ውስጥ አጨበጨበች። ወዲያው ግን "ቆይ፣ አንቴናው ጥቁር አልነበረም እንዴ?" አለች።

"ከእጄ ወድቆ ነው" አለች ልጄ። አልተደናቀፈችም። ያስጠናኋትን ቃል በቃል ነው ያለችው።

"አንቺ ልጅ! ስንት ደክሜ የላክሁልሽን? ዕቃ መያዝ አታውቂም?" ልጄ አንገቷን ደፍታ ለእኔ የሚገባውን ቁጣ ተቀበለች። የሰባት ዓመት ልጅ። 

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መሬት ላይ ፈጥፍጬው ነው።"

እናቷ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ከዚያ ልጇን "እውነቱን ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ዞር ብላ የእኔን ፊት አየች፤ የትኛውን መልስ እንደምፈልግ ልታውቅ።

ሚስቴም ያንን አየች። በማግስቱ ጠዋት አማቴ መጣች።

አሁን ዓርብ ዓርብ መልካ ጀብዱ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ አልሰበርኩም፤ ግን ይህን ለማን እነግራለሁ? አንቴናው እስካሁን ይሠራል፤ መኪናዋ ከግቢው ወዲያ ጫፍ ድረስ ትታዘዛለች። የአጥሩን በር ከፍቼ ስገባ ልጄ ትስቃለች፣ ሮጣ መጥታም ትስመኛለች። ከዚያ በፊት ግን አንቴናውን በመዳፏ ተጭና እስከ ሥሩ ታስገባዋለች፤ ሪሞቱንም ለአያቷ ትሰጣለች።