የበያጁ ክብደት

ጥር 14 ቀን ጠዋት እህቴ ልትመዝነው ቀጠሮ የያዘችለት በያጅ ሳይመዘን ቀረ። እሷ በዋዜማው ማታ እንደተኛች አልነቃችም።

ተመራማሪ ሐኪም ነበረች። ከሰላምታ በፊት የሰው ግንባር ስለምትዳስስ የሥራ ባልደረቦቿ «ቴርሞሜትር» ይሏታል። መቀመጥ አትወድም። እናታችን «ጉንዳን ወሮሻል እንዴ? ቁጭ በይ!» እንዳለች ነው ያረጀችው።

የምታጠናው፣ ክፉኛ የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ለምን እንደሚከሳ ነበር። ቆዳው ቢዘጋም ልቡ ለወራት በጥድፊያ ይመታል፤ ሰውነቱ እንደጋለ የበላውን ሁሉ ይጨርሳል፤ ሲያልቅበት ወደ ጡንቻው ይዞራል። ሕመምተኞቹ ግን ቁስሉ ሲደርቅ ድነናል ብለው ከሕክምናው ይቀራሉ። ስለዚህ ሚዛኗን በፌስታል ይዛ ቤታቸው ትሄዳለች።

በያጁ የነዳጅ በርሜል ሲበይድ ፈንድቶበት ደረቱና ክንዶቹ የተቃጠሉ ወጣት ነው። በደንብ እየበላ በተመዘነ ቁጥር ይቀንስ ነበር። ከዚህ በላይ ከከሳ አንድ ጉንፋን ይበቃዋል ብላ እንቅልፍ አጣች። በቀጠሮው ዋዜማ መታገስ አቅቷት፣ ሳትደውል በእኔ መኪና ሄድን።

እናቱ መስኮቱን በርግደው፣ ራቁት ደረቱን በካርቶን ያራግቡለታል።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ላቀዝቅዘው ነዋ! እሳት የገባበት ገላ እኮ ነው። ንኪው እስቲ፣ ምድጃ ነው!»

«ዶክተር፣ እሳቱ የማረኝን እናቴ በብርድ ልትጨርሰኝ ነው» አለ በያጁ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«ዝም በል አንተ! በርሜሉን ስትነካ አማክረኸኛል?»

እስከዚያ ቀን ደውላ ስለምትሄድ፣ ለእንግዳ ተብሎ ሸሚዝ ለብሶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር የምታገኘው። ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ ጠይቃለች፤ ስለ ማራገብ ግን ማን ያስባል?

«እትዬ፣ ሲንቀጠቀጥ እኮ ለመሞቅ ሥጋውን ነው የሚጨርሰው። ያበሉትን ሁሉ ብርዱ ወሰደው።»

ካርቶኑ ከእጃቸው ወደቀ። «እኔ ነኛ ልጄን ያከሳሁት!»

«እንዲህ አይናገሩ። ሳልነግርዎት የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሚዛኑን ከፌስታሉ ሳታወጣ «ነገ ጠዋት እመዝንሃለሁ» ብላው ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ገበያ ሄድን። ብርድ ልብስ ሻጩን ሦስቴ አስዘርግታ አስጠቀለለችው፤ ከባዱን «ደረቱ ላይ ይከብደዋል» ብላ መለሰች፤ ቀላልና ወፍራም መርጣ ገዛች። ተመልሰን እስከ አንገቱ አለበሰችው፤ መስኮቱን ዘግታ፣ እጀታውን ስባ አረጋገጠች።

መኪናው ውስጥ «ሞቀው?» አልኳት።

«መንቀጥቀጡን ተወ። ንዳ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!»