ቀድሞ የመጣ ለቅሶ

ሰሞኑን የግቢዬ በር ማጠፊያ ዝጎ አላስከፍት ሲለኝ ጨርቅ በላምባ ነክሬ እፈትገው ጀመር። ሽታው አፍንጫዬን ሲሞላው ፍተጋውን ትቼ በአጥሩ ጥግ ካለው አሮጌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ላምባ ለእኔ የእትዬ ባዩሽ ሽታ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ከጎፋ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን ላምባ የሚቸረችሩት እሳቸው ነበሩ። ወደ ፉሪ የሚያስኬደው መንገድ ግራና ቀኙ ገና ማሳ ነው፤ መብራት የገባላቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው። ሲመሽ ሴቶች ጠርሙሳቸውን ይዘው በእትዬ ባዩሽ ደጃፍ ይሰለፋሉ። እትዬ ባዩሽ የሰፈሩ የሴቶች እድር ሰብሳቢም ስለነበሩ፣ በጣሳ እየለኩ ሲቀዱ ዓይናቸው የሚያርፈው ጠርሙሱ ላይ ሳይሆን የሴቶቹ ፊት ላይ ነበር።

አባቴ ለማ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አይጠጣም፤ ሥራውን ያከብራል፤ እኛን አስርቦን አያውቅም። እናቴን አስካለን ግን ይደበድባት ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማሳመር ሌላውን አልደብቅም። ቀበሌ ሄዳ ብታመለክት፣ "የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ተስማሙ" ብለው መለሷት።

አንድ ምሽት ላምባ ልንገዛ ሄድን። እናቴ ጠርሙሱን በግራ እጇ ዘረጋች፤ ቀኟ በነጠላዋ ተጠቅልሏል።

"ምን ሆንሽ?" አሉ እትዬ ባዩሽ።

"ወድቄ ነው።"

"ደረጃ በሌለው ቤት ሁልጊዜ ከየት ነው የምትወድቂው?"

እትዬ ባዩሽ ጣሳውን አስቀመጡ። በዚያው ዓመት ክረምት ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት በባሏ ዱላ ሞታ እድሩ ቀብሯት ነበር።

"ለቅሶዋ ላይ ተቀምጬ ገዳዩን እግዜር ያጥናህ ብያለሁ" አሉ። "ሁለተኛ አልልም። አንቺን በቁምሽ ነው የማለቅስልሽ። ልምጣ?"

"ይምጡ" አለች እናቴ።

በዚያ ዘመን ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ያስጠይቃል። ለቅሶን ግን ማንም አይጠይቅም። በማግስቱ አባቴ ከሥራ ከመመለሱ በፊት የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የእድሩን አግዳሚዎች በደጃችን ደረደሩ፤ ንፍሮ በሰፌድ አቀረቡ፤ እንደ ለቀስተኛ ተቀመጡ።

አባቴ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ምሳ ዕቃው ከእጁ ወደቀ። "አስካለ! አስካለ!" እያለ ሮጠ። ስሟን እንደዚያ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አለ እያለከለከ።

እትዬ ባዩሽ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ "ገና ማንም አልሞተም። በዚህ አያያዝህ መሞቷ ስለማይቀር ቀደም ብለን መጣን" አሉት።

"ታሟርቱብኛላችሁ? ተነሱ ከደጄ!"

"ሟርቱ ያለው እጅህ ላይ ነው፣ ለማ።"

"ስለ ንፍሮው ደግሞ አታስብ" አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤ "ቀቅለን ነው የመጣነው።"

አባቴ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሴቶቹ እናቴን መሃላቸው አስቀመጧት፤ ማታም እትዬ ባዩሽ ቤት አደረች። በማግስቱም እንደዚያው። የለማ ሚስት ሞተች የሚለው ወሬ ፋብሪካ ድረስ ሄደና በሠልስቱ የሥራ ባልደረቦቹ ሊያጽናኑት መጡ። እናቴን በመልክ የማያውቋት አንድ ሽማግሌ ፎርማን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "አይ ለማ! ምን አግኝቷት ነው?" አሉት።

አባቴ ወደ ሴቶቹ ተመለከተ።

"አልሞተችም" አለ በመጨረሻ። "ያቻት፣ ቁጭ ብላለች። እኔ ነኝ የምደበድባት።"

ፎርማኑ ኮፍያቸውን መልሰው ሳያደርጉ ቆሙ። እትዬ ባዩሽ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ለአባቴ ቦታ ለቀቁለት። "ና፣ ተቀመጥ" አሉት። ተቀመጠ። ላምባ ላምባ በሚሸተው እጃቸው ንፍሮ ዘግነው መዳፉ ላይ አኖሩለት፤ አንገቱን ደፍቶ በላ።

አባቴ ከዚያ በኋላ መልአክ አልሆነም። ይቆጣ፣ ይሳደብ ነበር። እጁን ግን አላነሳባትም። ሴቶቹ ወንበሮቹን ሲመልሱ እትዬ ባዩሽ አንዱን አግዳሚ፣ "ይቆይ፣ አይታወቅም" ብለው በአጥራችን ጥግ አስቀሩት። አባቴ ጠዋት ሲወጣም ማታ ሲገባም በአጠገቡ ያልፋል። ወንዶች ልጆቼን የምነግራቸው ይህንን ነው፦ እጁን በሚስቱ ላይ የሚያነሳ ሰው ኃይለኛ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያየው ሰው የሌለ ስለሚመስለው ነው።

እትዬ ባዩሽ ካረፉ ብዙ ዘመናቸው ነው። እናቴ የሞተችው አርጅታ፣ የልጅ ልጆቿን ስማ፣ በአልጋዋ ላይ ነው። ያን ዕለት አግዳሚውን ከአጥሩ ጥግ አንስቼ ራሴ ወደ ድንኳኑ አስገባሁት። ሰው መጥቶ ተቀመጠበት። ያ ለቅሶ በጊዜው የመጣ ለቅሶ ነበር።