ምስማሩ ያልተሰማው እግር

ክንፉ ጫማ ሲቀበል መጀመሪያ እጁን ወደ ውስጥ ይከታል። ባለቤቱ የተላቀቀውን ሶል ከውጭ እያሳየ ሲያስረዳው፣ እሱ በጣቶቹ ውስጡን ይዳብሳል። ከደርግ ሸሽቶ ካርቱም የገባው ገና ጺሙን ሳያበቅል ነው። ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ከአንድ ሽማግሌ ጫማ ጠጋኝ አጠገብ ተቀምጦ ሙያውን ተማረ፣ እዚያው ሸበተ። የሱዳኑ ጦርነት ገበያውን ካወደመው ወዲህ ደግሞ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ዱቄት ሻጭ ደጃፍ ላይ ወስፌውንና መዶሻውን ዘርግቶ ይውላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ረሺዳ መጣች። የወሎ ልጅ ናት። ሃምሳ ሊሞላት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች፣ አሥራ ሁለቱን ጀሪፍ ሰፈር፣ ሐጃ ሉጥፊያ በምትባል አሮጊት ቤት። ከአምስት ቀን በፊት ክንፉ የቀኝ ጫማዋን ሶል መትቶላት ነበር። አሁን የግራው አፉን ከፈተ።

«ጋሼ፣ አንዱን ብትሠራው ሌላው ቀና። ጫማም እንደ ጣውንት ይቀናናል?»

«ሁለቱንም ስጪኝ፤ ላስታርቃቸው።»

አውልቃ ሰጠችውና ካልሲዋን እንዳደረገች በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ክንፉ እጁን ወደ ቀኙ ጫማ ከተተና መንጭቆ አወጣው። ጣቱ ደምቷል። ምስማር ነው፤ የራሱ ምስማር። አጭሩ ስላለቀበት በረጅሙ መትቶ፣ ጫፉን ማጠፍ ረስቷል። ገበሩን ገልበጥ አድርጎ አየው። ምስማሩ ዙሪያ የደረቀ ደም አለ።

«ረሺዳ፣ ይሄን ጫማ ስንት ቀን አደረግሽው?»

«ከሰጠኸኝ ጀምሮ። ሌላ ጫማ የት አለኝ?»

«አልወጋሽም?»

«ምኑ?»

ምስማር ማስቀረት በጫማ ጠጋኝ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ክንፉም ከዚህ በፊት አድርጎታል። ግን ሰውየው በግማሽ ሰዓት ውስጥ አባትህ እንዲህ ይሁን እያለ ይመለሳል። አንድ ፖሊስማ ጫማውን አናቱ ላይ ወርውሮበታል። ክንፉ ስድቡን ሁሉ ችሎ ኖሯል፤ የረሺዳን ዝምታ ግን አልቻለውም። ምን ማለት እንደሆነ ያውቃላ! የስኳር በሽታ እግር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚወስደው ሕመሙን ነው። እንዲህ ያሉት ደንበኞቹ በመጀመሪያ ሰፋ ያለ ጫማ ያዛሉ። ቆይተው የአንድ እግር ብቻ ያመጣሉ። ከዚያ አይመጡም።

ድሮ እንዲህ ያለ እግር ይዞ የሚመጣው ከትልቅ መኪና የሚወርድ ነጋዴ ነበር፣ እሱም በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። አሁን ሪክሻ ነጂው ይመጣል፣ ጡብ ተሸካሚው ይመጣል። ክንፉ ይሄን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። መጽሐፍ የሚጽፉትም ቢሆኑ የሚሉት ያንኑ ነው። በዓለም ላይ ስኳር ያለበት አዋቂ ስምንት መቶ ሚሊዮን አልፏል፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነበረው ከአራት እጥፍ በላይ። በአንዳንድ ሀብታም አገሮች ቁጥሩ መውጣቱን አቁሟል። የሚያሻቅበው እንደኛ ባለው አገር ነው፤ ከበሽተኛውም ከግማሽ የሚበልጠው መድኃኒት የሚባል ነገር አይደርሰውም። እኛ ግን እስከ ዛሬ «የሀብታም በሽታ» እንላለን። ቁርሱም ምሳውም ዳቦና በስኳር የሰከረ ሻይ የሆነን ሰው ሀብታም ያለው ማነው? ይሄ ቃል ሰው ገድሏል። አፋችንን ብንይዝ ጥሩ ነበር።

ረሺዳም መጀመሪያ ያመካኘችው በብርድ ነው።

«ኧረ ብርድ ነው፣ ጋሼ! ውሃ ላይ የሚውል እግር መደንዘዙ አይቀርም።»

«ውሃ አብዝተሽ ትጠጫለሽ?»

«ካርቱም ውስጥ ውሃ የማይጠጣ ማን አለ?»

«ሌሊትስ ስንቴ ትነሻለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል!» ብላ በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«የሐጃን ስኳር የሚለካላት ማነው?»

«እኔ ነኛ። ጠዋትና ማታ።»

«ያንቺንስ?»

«የኔን? ስኳር እኮ የጠገበ ሰው በሽታ ነው። እኔ ከየት አመጣዋለሁ?»

ክንፉ የደማውን ገበር ዘርግቶ አሳያት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምስማሩን የተውኩት እኔ ነኝ። ግን አምስት ቀን ሙሉ ረግጠሽዋል። ዛሬውኑ ተለኪ።»

ደሙን ስታይ ሳቋ ጠፋ። የመለኪያው ወረቀት የሐጃ ነው፤ ልጇ ኦመር ከጅዳ በስንት መከራ ነው የሚልከው። ሳይፈቀድ መንካት ሐራም ነው። ለማስፈቀድ ደግሞ ታምሜያለሁ ማለት ሊኖርባት ነው። የታመመች ሠራተኛ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አንድ ሁለቴ አይታለች። ይሄን ሁሉ ወደ መሬት እያየች ነገረችው።

«እንግዲያው ጫማሽን አልሰጥሽም» አላት ክንፉ።

«በካልሲዬ ልሂድልህ?»

ከኋላው ካለው ሣጥን ሰፊ፣ ገበሩ ለስላሳ የሆነ ነጠላ ጫማ አወጣ። ለአንድ ደንበኛ ሠርቶት ባለቤቱ ሳይመጣ የቀረ ነው።

«የወንድ ጫማ!»

«ዘመናይ ናት ይሉሻል። ሂጂ፣ ያላ!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክንፉ ሥራ አልሆንለት አለ። የሁለት ሰው ጫማ አሳስቶ ሰፋ።

ረሺዳ ቤት ስትገባ ቀስ ብላ ወደ ማጀት ልታልፍ ነበር። ሐጃ ሉጥፊያ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ አይደክምም፤ የእርምጃውን ድምፅ ሰማች።

«ረሺዳ፣ የማን ጫማ ነው?»

«የሰው ነው፣ ሐጃ።»

«የወንድ ነው። አገባሽ እንዴ? እኔ ሳልጠራ!»

ረሺዳ መሳቅ ፈልጋ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልሆነላትም፤ ምስማሩን፣ ደሙን፣ ክንፉ ያላትን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሐጃ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና እጇን ዘረጋች።

«መለኪያውን አምጪ። ጣትሽንም።»

«ወረቀቱ እኮ ያንቺ…»

«የማን ነው ብዬ ጠየቅኩሽ? አሥራ ሁለት ዓመት ስትወጊኝ ኖረሻል፤ አንድ ቀን እንኳ ልበቀልሽ።»

ሐጃ መጀመሪያ ሳተች። ሁለተኛው ያዘ። ቁጥሩ ሲወጣ ለሐጃ አይታያትም፤ ማንበቡ ሁልጊዜም የረሺዳ ሥራ ነው። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«ስንት ነው?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

ይሄ ቁጥር የሐጃ ቢሆን ኖሮ ረሺዳ ያን ጊዜ ሪክሻ ፍለጋ መንገድ ላይ በሮጠች። ሐጃ የረሺዳን ጭንቅላት ይዛ ወደ ጭኗ ሳበቻት። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ መብራት ጠፍቶ ጥይት ሲያፏጭ የኔን መድኃኒት ከውሃ ማሰሮው ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ አቆየሽልኝ። ያንቺን ማን ያይልሽ?»

በማግስቱ ሐጃ ራሷ፣ ከተኩሱ ወዲህ ከግቢዋ ወጥታ የማታውቀው ሴት፣ ሪክሻ ላይ አብራት ተሳፍራ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከረሺዳ ቀኝ እግር አውራ ጣት ሥር ትንሽ ጥቁር ቀዳዳ አለ፣ ዙሪያው ቀልቶ ይግላል። ቁስሉን የሚያጥበው ሰው አንገቱን ነቀነቀ። «ሳምንት ብትቆዪ ኖሮ የምናወራው ስለ ቢላዋ ነበር» አላት። እግሩ እንደሚተርፍ ግን ነገራት። ሦስት ሳምንት ቆማ መሥራት የለም። መድኃኒቱ ታዘዘላት፤ ፋርማሲው ግን የለውም፣ ከርሞ ይመጣል አለ፣ ኢንሻላህ። ሐጃ ከነበሯት ሁለት የኢንሱሊን ብልቃጦች አንዷን ሰጠቻት። አንዲት አሮጊት ለሌላ ሴት የምትሰጠው ባይኖራትስ? ለዚህ የሚመልስልኝ ባለሥልጣን ካለ ልስማው።

ሐጃ ወዲያው የእህቷን ልጅ አስጠርታ ወለሉን እንድታጥብ አዘዘች። «ረሺዳ ተቀምጣ ታዛለች፤ እኔን ስታዝ አይደል የኖረችው?» አለች።

ዓርብ ከሰዓት ክንፉ ካኪ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ጀሪፍ ሄደ። ሐጃና ረሺዳ ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት የገመድ አልጋዎች ላይ እግራቸውን ሰቅለው፣ ስኳር የሌለው ሻይ እየጠጡ በሻዩ ላይ ሲያጉረመርሙ አገኛቸው።

«አዲስ ጫማ ልሠራልሽ ነው፤ መጀመሪያ ግን እግርሽን ልንደፍ» አላት። ያን ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ እግሯን ለወንድ አታሳይም ነበር።

«ንደፈው። ሳምንቱን ሙሉ እግሬን ያላየው ማን ቀረ?»

በፋሻ የተጠቀለለውን ቀኙን በጥንቃቄ ነደፈው፤ እርሳሱ ሲዞር አልተሰማትም። የጤና ጣቢያው ሐኪም የጠፋው ስሜት ላይመለስ ይችላል ብሎ ለእሷና ለሐጃ ነግሯቸዋል። ወደ ግራው አለፈ። እርሳሱ የውስጥ እግሯ ጎድጎድ ካለው ጋ ሲደርስ ረሺዳ እግሯን ሰበሰበች።

«ኧረ ተው! ኮረኮርከኝ!»

ክንፉ እርሳሱን ይዞ ቀረ። ሐጃ ከአልጋዋ ቀና አለች።

«ተሰማሽ?»

«ተሰማኝ እንጂ!»

«መልሺው» አላት ክንፉ። ረሺዳ እየሳቀች እግሯን ወረቀቱ ላይ መለሰችው፤ እሱም ከዚያችው ቦታ ጀምሮ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ መንደፉን ቀጠለ።